ከድርቅ በኋላ መንጋው መቼ ያገግማል? የኢንቴግራል እኩልታን በጎጆ ፈንክሽን የመፍቻ መመሪያ

በዋግ ኽምራ ቆላ፣ በአበርገሌ፣ በዝቋላና በሳህላ፣ ድርቅ ሲበረታ ከፍየል መንጋው ቀድሞ የሚያልቀው ግልገሉ ነው። እናቲቱ ቅጠል ፍለጋ ወደ ተከዜ ሸለቆ ወርዳ ልትተርፍ ትችላለች። የምታጠባው ወተት ግን ስለማይኖራት ግልገሏ አይተርፍም። የ1977ቱም ሆነ የ2008ቱ ድርቅ ዋግን ክፉኛ ጎድቶታል። ዝናቡ ሲመለስ ባለቤቱ በረቱን ያያል፤ ሃያ እናት ፍየል ተርፈውለታል። «እነዚህ ከወለዱ መንጋዬ ይመለሳል» ቢል ማንም አይፈርድበትም። ይሁን እንጂ እናቶቹ ያረጃሉ፣ እነሱን መተካት የነበረባቸው ሴት ግልገሎች ደግሞ የሉም። ስለዚህ ልደቱ መጀመሪያ ይወርዳል፣ ከዚያም ለዓመታት ባለበት ይረግጣል። ስንት ዓመት? ይህን በግምት መመለስ አይገባም። ተከትለን የምንሠራው ስሌት በወረቀት፣ በስልክ ካልኩሌተርና በአስራ ሁለተኛ ክፍል ሒሳብ ይመልሰዋል።

መመሪያው በተለይ በሰቆጣና በዙሪያዋ ለሚያስተምሩ የሒሳብ መምህራን፣ በወረዳ የእንስሳት እርባታ ለሚሠሩ ባለሙያዎችና ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነው። ዘዴው ሌላ ቦታም ይሠራል፤ ሙቀት በብረት ውስጥ ሲተላለፍ፣ ድምፅ ከግድግዳ ሲመለስ፣ በሽታ ከሰው ወደ ሰው ሲዛመት የሚነሱ እኩልታዎችም በዚሁ መንገድ ይፈታሉ።

እኩልታውን ይጻፉ

ሦስት ነገሮች እንሰይም። ል(ጊ) በጊዜ ጊ በዓመት የሚወለዱ ሴት ግልገሎች ቁጥር ነው፤ የምንፈልገው ይህን ነው። ነ(ጊ) ከድርቁ የተረፉት ነባር እናቶች በዚያ ጊዜ የሚወልዷቸው ሴት ግልገሎች ናቸው። ተ(ዕ) ደግሞ አንዲት ሴት ግልገል ዕድሜዋ ዕ ዓመት ሲሆን በዓመት ትወልዳለች ተብሎ የሚጠበቀው የሴት ግልገል ቁጥር ነው። እዚህ ላይ ሞትም ይቆጠራል፤ እስከዚያ ዕድሜ የመትረፍ ዕድሏ በውልደቷ ተባዝቶ ተ(ዕ)ን ይሰጣል። ወንዶቹን አንቆጥርም፤ መንጋን የሚተካው ሴቷ ናት፣ ወጠጤም ሆነ ሙክት ሄዶ ሄዶ ገበያ ይወጣል።

ዛሬ የሚወለዱት ግልገሎች ወይ ከነባሮቹ ናቸው፣ ወይ ከድርቁ በኋላ ተወልደው ካደጉት። ስለዚህ፦

ል(ጊ) = ነ(ጊ) + [ የ ተ(ዕ) × ል(ጊ − ዕ) ኢንቴግራል፣ ዕ ከ0 እስከ ጊ ]

የማናውቀው ል በእኩልታው በሁለቱም በኩል ይገኛል፤ በቀኝ በኩል ያለው ግን በኢንቴግራል ውስጥ ተሸሽጓል። የኢንቴግራል እኩልታ ማለት ይኸው ነው። እንዲህ ያለው፣ የኢንቴግራሉ ጫፍ ከጊዜ ጋር የሚንቀሳቀሰው፣ በጣሊያናዊው ቪቶ ቮልቴራ ስም ይጠራል፤ ል ከኢንቴግራሉ ውጭም ስለሚገኝ ደግሞ «ሁለተኛው ዓይነት» ይባላል። ለሕዝብ ቁጥር ይህን እኩልታ ሻርፕና ሎትካ እ.ኤ.አ. በ1911 አቀረቡት፣ ዊልያም ፌለር በ1941 መሠረቱን አጸናው። እነሱ ስለ ሰው ይጻፉ እንጂ ለፍየል አንዲት ነገር መለወጥ አያስፈልግም።

ተ(ዕ)ን ከእረኛው አፍ ያግኙ

እዚህ ላይ አይቸኩሉ። የሒሳቡ ስህተት አብዛኛውን ጊዜ ከመረጃው ስህተት ያነሰ ስለሆነ ጊዜዎን ሊሰጡት የሚገባው ይህ እርምጃ ነው። የአበርገሌ ፍየል በአብዛኛው አንድ ነው የምትወልደው፣ መንታ ብርቅ ነው። በዓመት አንዴ ገደማ ትወልዳለች ብንል ግማሹ ሴት ስለሚሆን በዓመት 0.5 ሴት ግልገል ይመጣል። የእናቶቹን ዕድሜ ከጥርሳቸው ይወቁ፤ የወተት ጥርሷን ቀይራ ስምንቱም ቋሚ የሆኑላት ፍየል ወደ አራት ዓመት ተጠግታለች፣ ከዚያ በኋላ የሚታየው መሳሳቱና መውለቁ ነው። ባለቤቷን «ይቺ ስንቴ ወለደች? ስንቱ አደገ?» ብለው ይጠይቁ። በኸምጣኛ የሚጠይቅልዎ ሰው ካለ ይዘው ይሂዱ፤ ሰው ስለ ከብቱ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ የበለጠ ዝርዝር አለው። በሰቆጣ ያለው የደረቅ አካባቢ ግብርና ምርምር ማዕከል በአበርገሌ ፍየል ላይ ከአርቢዎች ጋር ሲሠራ ስለቆየ እርስዎ የሰበሰቡትን ከእነሱ መዝገብ ጋር ማመሳከር ይበጃል።

ለዚህ መመሪያ እኔ የመረጥኳቸው ቁጥሮች ማስተማሪያ ናቸው፤ የእርስዎን ሲያገኙ ይተኳቸው። ከአስር ሴት ግልገሎች ሰባቱ ሁለት ዓመት ደርሰው ይወልዳሉ ካልን በዕድሜ 2 ላይ ተ = 0.7 × 0.5 = 0.35 ይሆናል። ከዚያ በየዓመቱ በ0.05 ይቀንስ፦

ዕድሜ 0 እና 1፦ 0
ዕድሜ 2፦ 0.35
ዕድሜ 3፦ 0.30
ዕድሜ 4፦ 0.25
ዕድሜ 5፦ 0.20
ዕድሜ 6፦ 0.15
ዕድሜ 7፦ 0.10
ዕድሜ 8 እና ከዚያ በላይ፦ 0

በነጥቦቹ መካከል ቀጥ ያለ መስመር ይስመሩ። ድምሩ 1.35 ነው። አንዲት ሴት ግልገል በሕይወቷ ሙሉ 1.35 ሴት ግልገል ታፈራለች ማለት ነው፤ ከአንድ ስለሚበልጥ መንጋው በረጅም ጊዜ ያድጋል። ነባሮቹ ሃያ እናቶች ደግሞ በመጀመሪያው ዓመት 10 ሴት ግልገል በሚሆን ፍጥነት ይወልዳሉ፣ እያረጁ ሲሄዱም በየዓመቱ በ2 ይቀንሳል፦ ነ = 10፣ 8፣ 6፣ 4፣ 2፣ 0።

በዋግ የክረምት ዝናብ አንድ አጭር ወቅት ስለሆነ ልደቱ በዓመቱ ውስጥ እኩል አይበተንም። እዚህ የምንሠራው ዓመታዊ አማካዩን ነው።

መሠረት ፈንክሽኖችን ይምረጡ

ል(ጊ) መስመር ነው፤ በመስመር ላይ ደግሞ ማለቂያ የሌላቸው ነጥቦች አሉ። ሁሉንም መፈለግ አይቻልም። የዘዴው ጥበብ ያልታወቀውን መስመር በጥቂት የታወቁ ቅርጾች ድምር መተካት ነው። ቅርጾቹ መሠረት ፈንክሽኖች ይባላሉ፤ ያልታወቁት ቁጥሮች የእያንዳንዱ ቅርጽ ቁመት ብቻ ሆነው ይቀራሉ።

ብዙ መጻሕፍት በፖሊኖሚያል ይጀምራሉ። ለዚህ ሥራ አልመክረውም። ተ(ዕ) በዕድሜ 1፣ 2፣ 7 እና 8 ላይ ስለሚታጠፍ ለስላሳ ፖሊኖሚያል እጥፋቱን ለመከተል ሲታገል ሌላ ቦታ ይወዛወዛል። የሚሻለው የጎጆ ክዳን የሚመስል ቅርጽ ነው፦ በአንድ ዓመት ላይ ቁመቱ 1፣ ግራና ቀኝ ባሉት ዓመታት ላይ 0፣ በመካከሉ ቀጥ ያለ ተዳፋት። ጎጆ ፈንክሽን እንበለው። በዓመት 0፣ 1፣ 2፣ 3 እያልን በእያንዳንዱ ላይ አንድ ጎጆ እንተክላለን። በዓመት 0 ላይ ያለው ጎጆ ግራ ጎኑ የለም፣ ግማሽ ነው። ጎጆ 3 ብቻ በዓመት 3 ላይ ቁመት ስላለው የጎጆ 3 ቁመት በቀጥታ የዓመት 3 ልደት ነው። ይህ ጥቅም ቀላል አይምሰልዎ፤ በፖሊኖሚያል የሚወጡት ቁጥሮች ለአርቢው ምንም አይነግሩትም፣ የጎጆው ቁመት ግን ግልገል ነው።

አሁን እኩልታው የት እንዲሟላ እንደምንፈልግ እንወስን። በእያንዳንዱ ዓመት ነጥብ ላይ ልክ እንዲሆን ማስገደድ ኮሎኬሽን ይባላል። ሩሲያዊው ቦሪስ ጋለርኪን እ.ኤ.አ. በ1915 ያስተዋወቀው መንገድ ደግሞ ስህተቱ በእያንዳንዱ መሠረት ፈንክሽን ተባዝቶ ሲደመር ዜሮ እንዲሆን ይጠይቃል። ጋለርኪን ለአንዳንድ ችግሮች ይበልጣል፤ ነገር ግን እጥፍ ኢንቴግራል ይጠይቃል። በእጅ ለሚሠራ ሰው ኮሎኬሽን ይበቃል።

ክብደቶቹን ያስሉ

በዓመት 5 ላይ ቆመን ወደ ኋላ ስናይ፣ በዓመት 3 የተወለዱት አሁን ለሚወለዱት ምን ያህል ያዋጣሉ? ጎጆ 3ን ከተ(ዕ) ጋር አባዝተን ኢንቴግራሉን መውሰድ ነው። ተ(ዕ)ም በየዓመቱ በቀጥታ መስመር ስለተሳለ እሱም ራሱ የጎጆዎች ድምር ነው፤ ጎጆ ከጎጆ ሲባዛ ኢንቴግራሉ የታወቀ ነው። ልክ በልክ ሲገጥሙ 4/6፣ በአንድ ዓመት ሲራራቁ 1/6፣ ከዚያ በላይ ሲርቁ 0። ስለዚህ ርቀቱ ር ዓመት ከሆነ ክብደቱ፦

ክ(ር) = [ ተ(ር − 1) + 4 × ተ(ር) + ተ(ር + 1) ] ÷ 6

ለርቀት 2 ያለው (0 + 1.40 + 0.30) ÷ 6 = 0.2833 ነው። ቀሪዎቹን እርስዎ አስልተው ከዚህ ጋር ያመሳክሩ፦ ክ(1) = 0.0583፣ ክ(3) = 0.3000፣ ክ(4) = 0.2500፣ ክ(5) = 0.2000፣ ክ(6) = 0.1500፣ ክ(7) = 0.0917፣ ክ(8) = 0.0167። ድምራቸው 1.35 መሆን አለበት። ካልሆነ የመደመር ስህተት አለ፤ ሳያገኙት ወደፊት አይሂዱ።

ግማሽ ለሆነው ለጎጆ 0 የተለየ ክብደት ያስፈልጋል፦ [ 2 × ተ(ጊ) + ተ(ጊ − 1) ] ÷ 6። ለዓመት 1 ዜሮ፣ ለዓመት 2 0.1167፣ ለዓመት 3 0.1583፣ ለዓመት 4 0.1333፣ ለዓመት 5 0.1083፣ ለዓመት 6 0.0833 ይሆናል። ሰዎች አብዝተው የሚስቱት እዚህ ነው፤ ግማሹን ጎጆ እንደ ሙሉ ከቆጠሩት በመጀመሪያው ዓመት የተወለዱትን በእጥፍ ያህል ደመሩ ማለት ነው።

በተራ ይፍቱ

በአጠቃላይ ይህ ሥራ በብዙ ያልታወቁ ቁጥሮች የተሞላ የእኩልታ ሥርዓት፣ ማለትም ማትሪክስ፣ ይሰጣል። የእኛ ግን ደግ ነው። ትናንት የተወለደ ነገ አይወልድም፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ዓመት የሚፈልገው ያለፉትን ብቻ ነው፣ ከላይ ወደ ታች በተራ እየፈቱ መውረድ ይቻላል።

ዓመት 0፦ 10።

ዓመት 1፦ 8። ከድርቁ በኋላ የተወለደ ለመውለድ ገና አልደረሰም።

ዓመት 2፦ 6 + 0.1167 × 10 + 0.0583 × 8 = 7.63።

ዓመት 3፦ 4 + 0.1583 × 10 + 0.2833 × 8 + 0.0583 × 7.63 = 8.30።

በዚሁ መንገድ ዓመት 4 8.38፣ ዓመት 5 8.21፣ ዓመት 6 9.68፣ ዓመት 7 10.79፣ ዓመት 8 11.64 ይመጣል። በኤክሴል ከሠሩት አንድ ረድፍ ጽፈው ወደ ታች መጎተት ነው። ልደቱ በዓመት 0 ወደነበረበት ወደ 10 የሚመለሰው ከስድስት ዓመት ተኩል ትንሽ ቀደም ብሎ ነው፤ ያውም ሌላ ድርቅ ካልመጣና አንዲት ሴት ግልገል ካልተሸጠች። በዓመት 5 ላይ ያለችው ትንሽ ቁልቁለት የስሌት ስህተት አይደለችም። ነባሮቹ እናቶች ያለቁበት ዓመት ነው፤ ከእነሱ የመጣው ትውልድ ደግሞ ገና አልበዛም። ይህች ዓመት ለአርቢው አስቀድማ ብትነገረው ምን ያህል ከመደናገጥና ከመሸጥ እንደምታድነው ያስቡ።

መልሱን ይፈትሹ

በዓመት ነጥቦቹ ላይ እኩልታው ልክ እንዲሆን አስገድደነዋል፤ እዚያ ላይ ቢፈትሹ ምንም አያገኙም። የሚፈተሸው በመካከል ነው። በዓመት 4.5 ላይ ከጎጆዎቹ መስመር የሚነበበው 8.30 ነው፤ መስመሩን በእኩልታው ቀኝ በኩል አስገብተው ኢንቴግራሉን ሲያስሉ 8.33 ያገኛሉ። ልዩነቱ አንድ በመቶም አይሞላም፣ መልካም ነው። በዓመት 1.5 ላይ ግን ጎጆዎቹ 7.82 ሲሉ እኩልታው 7.42 ይላል፣ አምስት በመቶ ያህል ይለያያል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። የመጀመሪያዎቹ አዲስ እናቶች መውለድ የሚጀምሩት ከዓመት 1 በኋላ ነው፤ እዚያ ላይ እውነተኛው መስመር እየወረደ ሄዶ ይታጠፋል፣ የአንድ ዓመት ስፋት ያለው ጎጆ ደግሞ እጥፋቱን ይዘለዋል። መድኃኒቱ በሁሉም ቦታ ጎጆ ማብዛት አይደለም። በ1.5 ላይ አንድ ጠባብ ጎጆ ይጨምሩ፣ ቁመቱ 7.42 ይሆናል። የዓመት 3 ልደት ከ8.30 ወደ 8.26 ይወርዳል፣ ሌላው ከዚህ ብዙ አይርቅም። ለግልገል ቆጠራ ይህ ልዩነት ምንም አይደለም። ፍተሻውን ግን አይተዉ፤ በሌላ መረጃ ላይ ያው ስህተት ትልቅ ሊሆን ይችላል።

የእርስዎ ተ(ዕ) በዕድሜ 0 እና 1 መካከል ዜሮ ካልሆነ፣ ለምሳሌ እኩልታውን ለፍየል ሳይሆን ለበሽታ ከተጠቀሙበት፣ የዚያው ዓመት ጎጆ በቀኝ በኩልም ይታያል። ክብደቱን ወደ ግራ ያሻግሩና በ(1 − ክብደቱ) ያካፍሉ። ሌላው ሁሉ እንዳለ ነው።

ለውሳኔ ያውሉት

የባለቤቱ የመጀመሪያ ጥያቄ መሸጥ ነው፤ ልጆቹ እህል ይፈልጋሉ። ከአራት ሴት ግልገል አንዷን ቢሸጥ 1.35 በ3/4 ተባዝቶ 1.01 ይሆናል፤ መንጋው አያድግም፣ አይጠፋምም። ከሦስት አንዷን ቢሸጥ 0.90 ይሆናልና በጊዜ ብዛት በረቱ ባዶ ይቀራል። ለዚህ እኩልታውን መፍታት እንኳ አያስፈልግም፣ ድምሩ ይበቃል። እየወረደ የሚሄድበትን ፍጥነት ማወቅ ሲፈልጉ ግን ክብደቶቹን ሁሉ በ2/3 አባዝተው ሠንጠረዡን እንደገና ይውረዱት።

ሁለተኛው ጥያቄ መግዛት ነው። ዕድሜያቸው ሁለት ዓመት የሆነ አራት ፍየሎች በዓመት 0 ቢጨመሩስ? እኩልታው መስመራዊ ስለሆነ የቀድሞውን ሥራ አይንኩት። የአራቱን ብቻ ለብቻ ይፍቱና ይደምሩ። ለእነሱ ነ = 2፣ 1.71፣ 1.43፣ 1.14፣ 0.86፣ 0.57፣ 0 ነው፤ ሁለት ዓመት መድረሳቸው የተረጋገጠ ስለሆነ ተ(ዕ)ን በ0.7 አካፍለን በ4 አባዛነው። ሲፈታ በዓመት 3 2.05፣ በዓመት 5 2.46 ይሰጣል። በክፉዋ ዓመት 5 ላይ ልደቱ ከ8.21 ወደ 10.67 ከፍ አለ። ከድርቅ በኋላ እርዳታ የሚያከፋፍሉ አካላት ይህን ስሌት ቢሠሩት እወዳለሁ። ለአርቢው የሚሰጡት ፍየሎች ወጣት ሴቶች መሆናቸው ከቁጥራቸው እኩል ይመዝናል፤ ስድስት ዓመት የሞላቸው አራት እናቶች በዓመት 2 ላይ ራሳቸው የሚወልዱት የለም።

ተ(ዕ) የማይታወቅ ሲሆን

ከመዝገብ የልደቱ ቁጥር በየዓመቱ ቢኖርዎና ከዚያ ተነስተው ተ(ዕ)ን ማውጣት ቢፈልጉስ? አሁን ያልታወቀው በኢንቴግራሉ ውስጥ ብቻ ነው የሚገኘው፤ ይህ «አንደኛው ዓይነት» እኩልታ ነው። የክረምት ዝናብና የወንዝ ፍሰት ተመዝግቦ የተፋሰሱን ጠባይ ማውጣትም የዚሁ ወገን ነው። መሠረት ፈንክሽኖቹ ያው ናቸው፣ ክብደቱም በተመሳሳይ መንገድ ይሰላል፤ መልሱ ግን ቁጡ ነው። በመዝገቡ ላይ አንድ ግልገል ቢሳሳት በዕድሜ 4 ላይ ትልቅ ጭማሪ፣ በዕድሜ 5 ላይ ከዜሮ በታች የሆነ ቁጥር ሊያመጣ ይችላል። ጎጆ ባበዙ ቁጥር ይብሳል፤ ከላይ በ1.5 ላይ የሠራው መድኃኒት እዚህ በሽታ ነው።

ስለዚህ ጎጆዎቹን ይቀንሱ። ለመላው ዕድሜ ሦስት ወይም አራት ሰፋፊ ጎጆ ይበቃል፦ አንዱ በ2፣ አንዱ በ4፣ አንዱ በ7 ላይ። በመዝገቡ ያሉት ዓመታት ከጎጆዎቹ በብዙ ይብለጡ፤ በየነጥቡ ማስገደዱንም ትተው የስህተቱ ካሬ ድምር እንዲያንስ ያድርጉ። ቁመቶቹ ከዜሮ በታች እንዳይወርዱ ይከልክሉ። የወጣውን ቅርጽ ይዘው ወደ እረኛው ይመለሱና «ፍየል በዚህ ዕድሜ በዚህ መጠን ትወልዳለች?» ብለው ይጠይቁ። እሱ ካልተቀበለው ጎጆዎቹን አስፍተው እንደገና ይሥሩት።